አስፋልቱ ጋ ስደርስ አጠልቀዋለሁ

ጓንት የሚለካው እጅ ተዘርግቶ አይደለም፤ ተጨብጦ ነው። ይህን የነገረኝ ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን ነው። ሱቅ ውስጥ እጃችሁን ዘርግታችሁ ስታዩት ልክክ ያለ ጓንት፣ የሞተር መሪ ስትጨብጡበት የጣታችሁን ጫፍ ይቆነጥጣል፤ ወይም መዳፋችሁ ላይ ተጨማዶ ከፍሬኑ ጋር ያታግላችኋል። ሞተር የምትነዱ ካላችሁ ይህችን ያዙልኝ። የቀረውን ቀስ ብዬ አወራችኋለሁ። ቀስ ካላልኩ አልጨርሰውም።

ያኔ ጎንደር ውስጥ ታፔላ ጸሐፊ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። የሱቅ ስም እጽፋለሁ፣ የምግብ ቤት ግድግዳ እቀባለሁ፤ ከሁሉም የምወደው ግን የባጃጅ ጀርባ ነው። ባለባጃጆቹ «ሸጋ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ ሁለት መስመር ግጥም አወጣላቸዋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም። ከአምባ ጊዮርጊስ ገባ ብሎ ካለ መንደር የተወለድኩ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ትምህርቴን ትቼ ከተማ የገባሁት አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንልኝ ነው። ሙሉቀን እንደኔ አልነበረም። የጀመረውን የሚጨርስ ሰው ነው። የእንስሳት ጤና ተምሮ እዚያው አገራችን ላይ ተመደበ፤ ከመንደር መንደር እየዞረ ከብት ይከትባል፣ የታመመውን ያክማል። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች እኔን ግማሹን አባቴ፣ ግማሹን እሱ ነው ያሳደገኝ። «አያ ሙሌ» ነበር የምለው።

በክረምቱ መግቢያ ለሥራው ሞተር ተሰጠው። በእኛ አገር፣ ወገራ ላይ፣ በማለዳ ሞተር ያልነዳ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ሜዳው ላይ ነፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም፤ ሲነዳ የመጣው ሁሉ ጣት ላይ ነው የሚያርፈው። አንድ ቀን እኔ ዘንድ ሲመጣ የጣቶቹ መገጣጠሚያ ተሰነጣጥቆ አየሁት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ብርዱ ነው። እሱስ ይሁን፤ ትናንት አንዲት ላም ልወጋ መርፌውን ስይዝ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ባለቤቲቱ ‹ምነው፣ ሐኪሙ ላም ይፈራል እንዴ?› አለችኝ።» ሳቀ። ከዚያ እጁን ገልበጥ አድርጎ አየና ሳቁን ተወው። «ያኔ የያዝኩት መርፌ ባይሆንና ፍሬን ቢሆንስ?» አለ።

በዚያው ዕለት ጓንትና ጫማ ልንገዛ ወጣን።

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሞተር ዕቃ የምትሸጥ የሺ የምትባል ልጅ አለች፤ የሱቋን ታፔላ የጻፍኩላት እኔ ስለሆንኩ ታውቀኛለች። ከግድግዳው ላይ ጓንቶቹን እያወረደች፣

«ለማን ነው? ለሙሽራ?» አለች።

«ለበሬ ሐኪም» አልኳት።

«የሚያጠልቀው ሐኪሙ ነው በሬው?»

ሙሉቀን አልመለሰላትም። ከኪሱ ክብሪት አወጣና አንዲት እንጨት የሱቁ መስታወት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። መጀመሪያ ወፍራሙን፣ ውስጡ ጥጥ የተሞላውን አጠለቀ። ሙቀቱ ደስ ይላል፤ የክብሪቱን እንጨት ግን ሊያነሳው አልቻለም። አወለቀው።

«ክብሪት ያልተሰማው እጅ ፍሬን አይሰማውም» አለኝ። የሱፉንም ገፋው፤ ነፋስ ያሳልፋል፣ ዝናብ ይጠጣል። ጣቱ የተቆረጠውን የሺ ስታቀብለው፣ «ይሄ ለፎቶ ነው» አለና መለሰላት።

የወደደው አንድ ጥቁር የቆዳ ጓንት ነበር። ስፌቱን በጥፍሩ እየተከተለ አየው። ከመዳፉ ሥር፣ አንጓው አጠገብ ቆዳው ተደርቦ የተሰፋበትን ቦታ አሳየኝ። «ሰው ሲወድቅ ፊቱን ሊያድን እጁን ይልካል። መጀመሪያ መሬት የሚያገኘው ይሄ ቦታ ነው።» ከዚያ አጠለቀውና የመጥረጊያ እንጨት አስመጥቶ እንደ መሪ ጨበጠው፤ አንድ ጊዜ ፍሬን፣ አንድ ጊዜ ፍሪሲዮን እንደሚይዝ ጣቶቹን እያጠፈ እየዘረጋ። የክብሪቷን እንጨት አነሳት። አንጓው ላይ ሁለት ማሰሪያ አለው፤ ሁለቱንም ሳብ አድርጎ ቆለፋቸው፣ እኔም በኃይል ጎተትኩት፤ ጓንቱ ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ ነው። ማሰሪያው የላላ ጓንት ስትወድቅ ካንተ ቀድሞ ይሮጣል» አለ።

የሺ ማሰሪያውን ሲፈታ እያየች ሳቀች። «ሸጋ ነው ሸጋውስ። ግን እናንተ አገር ሰው በየመንገዱ ሰላም ይባባላል። ይሄንን ፈተህ አውልቀህ እስክትጨርስ ሰላምታው ያልፍብሃል!»

ሦስታችንም ሳቅን።

ጫማው ላይ አልተከራከርንም። በአገራችን ሁሉም ሰው በክረምት የላስቲክ ቦቲ ነው የሚያደርገው፤ እሱ ግን ቦቲውን በሁለት ጣቱ ጨምቆ አሳየኝ። «ውኃ ይከለክላል እንጂ አጥንት አያድንም።» የመረጠው ቁርጭምጭሚቱን አልፎ የሚወጣ፣ ጎኑና ጎኑ ጠንካራ፣ ክሩ ከማርሹ ጋር እንዳይጠላለፍ የሚሸፈን የቆዳ ጫማ ነበር። በሱፍ ካልሲ ነው የለካው፤ ሲነዳ የሚያደርገው እሱን ነዋ። የግራውን ጫማ አፍንጫ ገፋ ገፋ አድርጎ፣ «ማርሹ እዚህ ጋ ነው የሚበላው» አለ።

ሲወጣ አዲሱን አድርጎ ነው የወጣው። መንገዱ ላይ እጁን ወደ ላይ አንስቶ እያገላበጠ፣ «ገጣሚው፣ ለኔም ሞተር ጀርባ አንድ መስመር ጣልልኝ እንጂ!» አለኝ።

«እስቲ ላስብበት።»

«ለባጃጅ ቆመህ ትጽፋለህ፣ ለወንድምህ ታስባለህ?»

በማግስቱ ጠዋት አባታችን በጎረቤት ስልክ ደወለ። ቦራ ወድቋል። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት የአባቴ የእርሻ በሬ ነው። ጊዜው የእርሻ ወቅት ነበርና አንድ በሬ ተኛ ማለት ማሳው ተኛ ማለት ነው። ሙሉቀን መድኃኒቱን ያዘ፣ እኔ ከኋላው ተፈናጠጥኩ፣ ወጣን።

እስከ አምባ ጊዮርጊስ አስፋልት ስለሆነ ቶሎ ደረስን። ከዚያ ወደ መንደራችን የሚገባው ግን ጥርጊያ መንገድ ነው፤ ጉብታው ላይ የኮረት ጠጠር የፈሰሰበት፣ ዝቅ ሲል ዋልካ ጭቃ የሆነ። መንገዱ አልነበረም ያዘገየን። ሰላምታ ነው።

ከገበያ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ገና ከሩቅ ሲያዩት በትራቸውን አነሱ። ሙሉቀን ቆመ፤ ማሰሪያውን ፈታ፣ ሁለተኛውን ፈታ፣ ጓንቱን በጣት በጣቱ ስቦ አወለቀ፣ ወርዶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ስለ ጥጃቸው ጠየቃቸው። ተመልሶ አጠለቀ፣ ቆለፈ። ጥቂት እንደሄድን ሐዘን ላይ ያለች ሴት አገኘን፤ እንደገና ወረደ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። የሁሉንም ከብት ነክቷልና የማያውቀው ሰው የለም።

«አያ ሙሌ፣ እጅህን አንስተህ ብታልፍስ?» አልኩት በመጨረሻ።

«በሬያቸውን የሚያክም ሰው እጁን ተሸፍኖ ሰላም ቢላቸው ምን ይላሉ?»

«በርዶታል ይላሉ።»

«አይሉም። ከተማ ገብቶ ናቀን ይላሉ። ከዚያ ላማቸው ስትታመም አይጠሩኝም።»

አባቴ ደጅ ቆሞ ነበር የጠበቀን። ሙሉቀን የበሬው ነገር አስቸኩሎት የቀኝ እጁን ብቻ አውልቆ ዘረጋ። አባቴ እጁን ሳይሰጥ ግራውን አየው።

«ያኛውስ ምነው? ተጣልቶን ነው?»

ሙሉቀን ስቆ ግራውንም አወለቀ። አባቴ ሁለቱንም እጆቹን ይዞ ሳመው፤ ከዚያ ጓንቱን ተቀብሎ ሊያጠልቀው ሞከረ። እርፍ ሲጨብጥ የኖረ እጁ ከጣቶቹ ሥር አልፎ አልገባ አለ።

«የኔስ ቆዳው ራሱ ጓንት ነው» ብሎ መለሰለት። «ደሞ ሰላምታ ቆዳ ለቆዳ ነው ልጄ። ከብት እንኳ ሲተዋወቅ ይላላሳል።»

ይህን ሲናገር እየቀለደ ነበር። ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። አባቴ እየሳቀ ነው የተናገረው።

ቦራ ጋጣው ደጃፍ ላይ ተጋድሞ ያቃስት ነበር። አባቴ ቀንዱን፣ እኔ ጭራውን ያዝን። ሙሉቀን ዳሰሰው፣ ሆዱ ላይ ጆሮውን አስደግፎ አዳመጠ፣ ከዚያ መርፌውን አንድ ጊዜ አስገብቶ መድኃኒቱን ሰጠው። ቀና ሲል ፈገግ ብሎ ጣቶቹን አወዛወዘልኝ።

«አየህ? ታዘዙ።»

ከሰዓት በኋላ በሬው አንገቱን ቀና አደረገ። ግን ሌላ መድኃኒት ያስፈልገው ነበር፤ ያ ደግሞ ያለው አምባ ጊዮርጊስ ነው። ሙሉቀን መጋዘኑ ሳይዘጋ ልድረስ አለ። እኔ በሬውን ለመገልበጥ አባቴን እንዳግዝ ቀረሁ። ሰማዩ በስሜን በኩል ጠቁሮ ነበር።

አባቴ ሊሸኘው ወጣ፤ እኔም ተከተልኩ። ሙሉቀን ጓንቱን አጥልቆ፣ ቆልፎ ሞተሩን አስነሳ። ገና ከደጅ ሳይርቅ አክስታችን ከታች መጣች፤ አወለቀ። አጠለቀ። እሱ በቀስታ እየነዳ፣ እኛ በእግር፣ ጉብታው ላይ ስንደርስ የንስሐ አባታችን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኙን፤ መስቀላቸውን አወጡ። በጓንት መስቀል አይጨበጥም። አወለቀና ተሳለመ። ሊያጠልቅ ሲል አባቴ፣ «በል ና፣ ልመርቅህ» አለው። ራቁት እጆቹን በሁለት እጆቹ መሐል ይዞ መረቀው፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ፣ ደጉን ያሰማህ፣ በወጣህበት ተመለስ። ምርቃቱ ረዘመ። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ወረዱ። ሙሉቀን አሜን ብሎ የአባቴን ጉልበት ሳመ፣ የጃኬቱን ዚፕ ከፍቶ ጓንቱን ደረቱ ውስጥ ከተተው፣ ሞተሩ ላይ ወጣ።

«አጥልቀው እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት።

«አስፋልቱ ጋ ስደርስ አጠልቀዋለሁ!» አለ። «አሁንም ከታች ሰው አይጠፋም።»

ቁልቁል ወረደ። ዝናቡ ወደ በረዶ ሲለወጥ እኛ ገና ቤት አልገባንም ነበር።

በረዶው ያባራው ምድሩን ነጭ አድርጎ ነው። እኔና አባቴ ቦራን ጆንያ እያለበስነው ሳለ ጎረቤታችን ስልኩን በእጁ እንደያዘ እየሮጠ መጣ። ፊቱን እንዳየሁ ነው የገባኝ።

«ወንዙ መታጠፊያ ላይ… ሞተሩ ወድቋል አሉ። ሰውየው አለ፤ በሕይወት አለ።»

ሮጥኩ። አባቴም ከኋላዬ ይሮጥ ነበር፤ ጋቢው ሲጎተት ይሰማኛል፤ ግን እኔ እቀድመው ነበር።

ሙሉቀን ከመንገዱ ሥር፣ ቦይ ውስጥ በጀርባው ተጋድሟል። ሁለት መንገደኞች ሄልሜቱን አውልቀው ጨርቅ አንተርሰውታል። ሞተሩ መሪው ተጣሞ ከጎኑ አለ። የሞተሩ መሪ ደረቱን እንደመታው በኋላ ነው የተነገረን። ፊቱ ደህና ነበር። እግሮቹ ደህና ነበሩ። እጆቹን ግን ማየት አልቻልኩም፤ መዳፉ ተገሽልጦ ኮረቱ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበር።

«ይታያል» አለኝ፤ ስሜ ነው። «ጣቶቼ ደነዘዙ። ፍሬኑን የያዝኩት መስሎኝ… አልያዝኩትም።»

«ዝም በል። መኪና እየመጣ ነው።»

«አባዬ የታል?»

«እየመጣ ነው።»

ዓይኖቹ ፈጠጡ። «ጓንቱ ደረቴ ውስጥ ነው። አውጣው። ቶሎ። አጥልቆ ነበር በለው።»

«አያ ሙሌ…»

«አለበለዚያ ዕድሜ ልኩን እጁን ሲያይ ይኖራል። አውጣው።»

ዚፑን ከፈትኩ። ጓንቶቹ እንደታጠፉ፣ ደረቅ ሆነው፣ ሞቅ እንዳሉ ነበሩ። ሸሚዜ ውስጥ ከተትኳቸው። የአባቴ እግር ከጀርባዬ ኮረቱን ሲረግጥ ሰማሁ።

አባቴ አልጮኸም። ቦዩ ውስጥ ወርዶ ተንበረከከ፣ የልጁን ግንባር ዳሰሰ፣ ከዚያ እጁን አነሳና መዳፉን አየ።

«ጓንቱስ?» አለ።

«እኔ ነኝ ያወለቅኩለት። እጁ አብጦ ነበር፤ እንዳያጠብቀው ብዬ» አልኩ።

«እ» አለ አባቴ።

ድንች የጫነ መኪና ቆመልን። ጆንያዎቹ ላይ አጋደምነው፤ እኔ ራሱን ጭኔ ላይ አደረግሁ፣ አባቴ በጎኑ ተቀመጠ። አምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ አይተውት ቶሎ ጎንደር አድርሱት አሉን። መንገዱን ሁሉ አባቴ የሙሉቀንን ቀኝ እጅ ይዞ፣ በጥፍሩ ከመዳፉ ውስጥ ኮረት እየለቀመ ይጥል ነበር። ጠጠር በጠጠር፣ እንደ ምስር። ሙሉቀን መጀመሪያ ላይ ጣቱን ይሰበስብ ነበር።

ጎንደር መግቢያ፣ ወለቃ ስንደርስ የመንገድ ዳር ሸክላ ሻጮች ለዝናቡ ላስቲክ አልብሰዋቸው የነበሩትን ገንቦዎች እየገለጡ ነበር። መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ። ያን ጊዜ ነው ጭኔ ላይ ያለው ራስ የከበደኝ። ፊቱን አየሁ። አባቴ አላየም፤ እጁ ላይ አቀርቅሯል።

«አባዬ» አልኩት።

አንዲት ጠጠር አውጥቶ ጣለ።

«አባዬ፣ ተው በቃ።»

«ቆይ» አለ ሳያየኝ። «አንዲት ቀርታለች።»

ሆስፒታሉ ያረጋገጠልን የምናውቀውን ነው። ጫማውን ያወለቀው ሰው እግሩን አገላብጦ፣ «ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም፤ ጥሩ ጫማ ነው» አለ። ክፋት አልነበረውም። ጫማው ግን ከጎን እስከ ጎን ተፍቆ ነበር፤ እግሩ የሚሰበርበትን ሁሉ እሱ ተቀብሎለታል።

ቀብሩ በማግስቱ በመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ነበር። በኛ አገር ሰው ሲሞት ለቅሶው ሜዳ ላይ ይወጣል፤ የሟቹ ልብስና ዕቃም አብሮ ይወጣል። ለአያቴ ጋሻው ወጥቶለት ነበር፤ ለአጎቴ ጠመንጃውና ፈረሱ። እያንዳንዱ ዕቃ ሲነሳ ስለ ሰውየው ይገጠማል፣ ይለቀሳል። ለሙሉቀን ምን እንደሚወጣለት ሽማግሌዎቹ ሲነጋገሩ አባቴ ቆረጠው፦

«የመድኃኒት ቦርሳው፣ ሞተሩ፣ ጫማውና ጓንቱ።»

ጓንቶቹ ሸሚዜ ውስጥ ነበሩ፤ አዲስ እንደሆኑ፣ ጭረት የሌላቸው። ሜዳ ላይ ወጥተው ሰው ሁሉ ሲያያቸው፣ መንገድ ላይ የተፋቀ ሰው ጓንት እንዳልሆኑ ዓይን ያለው ሁሉ ያውቃል። አባቴም ያውቃል። ከቤቱ ጀርባ ዞርኩ። እዚያ አባቴ ማጭድ የሚስልበት ድንጋይ አለ። ሙሉቀን የክብሪት እንጨት እያነሳ የመረጠውን፣ ስፌቱን በጥፍሩ የተከተለውን ጓንት በግራ እጄ አጥልቄ ድንጋዩ ላይ ፈቀፈቅኩት። የተደረበው ቆዳ ጠንካራ ነበር። ለመፋቅ ብዙ ታገለኝ። እያለቀስኩ፣ ሰው እንዳይሰማ ጋቢ ነክሼ ፈቀፈቅኩት። የቀኙንም እንዲሁ አደረግሁ፤ ከዚያ ጭቃ ቀባኋቸው።

ሜዳው ላይ ጎረምሶቹ የተጣመመውን ሞተር እንደ ሟች ፈረስ እየገፉ በሕዝቡ መሐል አዞሩት፤ ጫማዎቹ በክራቸው ታስረው ከመቀመጫው በግራና በቀኝ ተንጠልጥለዋል። ሲገፋ ይወዛወዛሉ። አልቃሿ ወደኔ ዞራ፣ «አንተ ገጣሚ ነህ ይሉሃል፤ ለወንድምህ ስጠን!» አለችኝ። ከማለዳው ጀምሮ አንድ ግጥም ብቻ ነበር ራሴ ውስጥ የሚመላለሰው፦

እግሩን በቆዳ አስሮ፣ እጁን ለሰው ሰጥቶ፣
ምን ይዞ ይገባል፣ የሰጠውን ትቶ?

ይህ ግጥም እውነቱን ይናገራል። ዋጥኩት። በምትኩ ይህን ሰጠኋት፦

ሐኪም ነበር አሉ፣ ለበሬ ለላሙ፣
ማን ነው የሚዳስስ፣ ሲነሳ ሕመሙ?

ሕዝቡ ተቀብሎ አለቀሰ። በሕይወቴ ከሰጠሁት ግጥም ሁሉ ብዙ ሰው የተቀበለኝ እሱን ነው፤ ከሁሉም የምጠላውም እሱን ነው።

ከዚያ አባቴ ጓንቶቹን አነሳ። መዳፋቸውን ገልብጦ አየ። ጣቶቹን ወደ አንዱ ውስጥ ሰደደ፤ እንደበፊቱ ከመገጣጠሚያው አላልፍ አሉት። ጣቶቹን አወጣና ጫፋቸውን አየ። ከጓንቱ ውስጥ የመጣ ደም የለም፣ ጭቃ የለም። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያ ጓንቶቹን ከራሱ በላይ አንስቶ ለሜዳው ሁሉ ጮኸ፦

«እጁን ጠብቆ ነበር ልጄ! አጥልቆ ነበር ልጄ!»

አመነኝ ብዬ አሰብኩ። በሐዘኑ መሐል ጥቂት እፎይታ ተሰማኝ።

ቦራ ዳነ። እሱን ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ። ሌላ ሐኪም መድኃኒቱን አመጣለት፤ ከሳምንታት በኋላ ቆሞ አረሰ።

ከተዝካሩ በኋላ አባቴ ጓንቶቹን ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ላንተ ይሆኑሃል» አለ። እኔ ሞተር አልነዳም ነበር። ለምን እንደጀመርኩ ራሴም በደንብ አላውቅም፤ ምናልባት አባቴ ብቻውን ስለቀረና እዚያ የሚያደርሰኝ ስላልነበረ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አሮጌ ሞተር ገዛን። የክብሪት እንጨት ማንሳት ተለማመድኩ። በሱፍ ካልሲ የተለካ ጫማ ገዛሁ።

መጀመሪያ ብቻዬን ወደ መንደር የነዳሁ ቀን አባቴ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ደጅ ወጣ። ቆምኩ፣ እንደ ልማዳችን ማሰሪያውን መፍታት ጀመርኩ። አባቴ ባላሰብኩት ፍጥነት መጣ።

«ተው! ተው፣ አታውልቅ።»

«አባዬ፣ ሰላም ልበልህ እንጂ…»

«እንዲሁ በለኝ።»

በሁለት እጆቹ ጓንት ያጠለቀ እጄን ያዘ። ገልብጦ መዳፉ ላይ ባለው ጭረት አውራ ጣቱን አስኬደ።

«ይሄ የኔ ድንጋይ ነው» አለ። «ማጭዴን ስስልበት እንዲህ ባንድ ወገን ነው የሚፍቅ። መንገድ እንዲህ አይፍቅም፤ መንገድ ባገኘው በኩል ሁሉ ነው የሚቧጭር።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

«ኮረቱን ከመዳፉ ስለቅም ጓንት አጥልቆ ነበር ብዬ ላምን ኖሯል?»

«ታዲያ ሜዳው ላይ ምነው እንዲያ አልክ?»

«እሱ እንዳላውቅ ፈልጎ አይደል? አንተን ያን ያስባለህ እሱ አይደል?» ከፊቴ ዞር አለ። «ልጄ በመጨረሻ ከኔ የፈለገውን ነገር ልከልክለው?»

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ፣ በተለይ ደጋ ለደጋ ሞተር የምትነዱ፣ የምነግራችሁ ትልቅ ጥበብ የለኝም። ጓንታችሁን ጨብጣችሁ ለኩት። የመዳፉን ድርብ ቆዳ እዩ። ጫማችሁ ቁርጭምጭሚታችሁን ይሸፍን። ይህንን ሁሉ ሙሉቀን ያውቅ ነበር፤ የመረጠውም ትክክለኛውን ነው፤ ሱቅ ውስጥ ያጠፋነው ነገር የለም። እኛ ያላሰብነው፣ የሺ በቀልድ የነገረችንን ብቻ ነው፤ ጓንቱ በጠበቀ ቁጥር ለማውለቅ እንደሚያስቸግር፣ ለማጥለቅ ደግሞ ይበልጥ እንደሚያሰንፍ፣ በኛ መንገድ ላይ ደግሞ ሰው እንደማይጠፋ። ሰላምታችንን ክፉ አልልም፤ ወንድሜን የወደዱት በእሱ ነው። ግን በዝናብ የቆመ ሞተረኛ ስታገኙ እጁን ወደ ጓንቱ ሲሰድ ካያችሁ፣ እባካችሁ ቀድማችሁ ክርኑን ያዙት።

አባቴ አሁን ሞተር የሚነዳውን ሁሉ እንዲህ ነው ሰላም የሚለው። እኔን ግን በተለየ ነው። ቤት ገብቼ፣ እሳት ዳር ተቀምጬ ጓንቱን ሳወልቅ፣ እጆቹን ቀስ ብሎ ጋቢው ውስጥ ይከታቸዋል። አንዳንዴ እንዳላየሁ ሆኜ ሳየው፣ ጋቢውን ከፈት አድርጎ መዳፎቹን ያያቸዋል። ሙሉቀን የፈራው ይህን ነበር።

ከዚያች የምርቃት ቀን ወዲህ የአባቴን እጅ በባዶ እጄ ነክቼ አላውቅም።